የሃሊበቱ ጭንቅላት

ዓርብ፣ ሐምሌ 11 ቀን
ከቤት

ለልጄ ለስቴፓኒዳ፣

ስምሽን ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት ስለምወድሽ ነው፤ ደግሞም ጥፋቱ ያንቺ ስለሆነ ነው። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ማስፈር ይፈቀድ እንደሆነ አላውቅም። መምህርቷ የደብዳቤ አጻጻፍ በጸደይ እንማራለን ብላኝ ነበር፤ ጸደይ ሳይደርስ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ሳልማረው ነው።

እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ? የመካከለኛው ልጅ ጆሮ ዳነ ወይስ አሁንም በቀኝ በኩል ሲጠሩት ዝም ይላል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደምታውቂው ነው። ጣሪያው በሰሜን በኩል ያፈሳል፤ ባልዲ አስቀምጬበታለሁ።

ትምህርት ቤቱን ካነሳሁ ልጨርሰው። አንቺ ሦስቱን ልጆች ይዘሽ ስትሄጂ አሥር ተማሪዎች ነበሩት። ከአሥር ከጎደለ እንደሚዘጋ ታውቂ ነበር፤ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሰባት ቀሩ። መምህርቷ ሻንጣዋን አሰረች። ከዚያ የሰባቱ እናቶች እየተከታተሉ መጥተው ተሰናበቱኝ፤ ልጅ ያለ ትምህርት እንዴት ያድጋል አሉኝ ሁሉም። በእነሱ አልፈረድኩም። እኔ በስልሳ አንድ ዓመቴ ከልጆችሽ ኋላ ባለው ወንበር ተቀምጬ ነው ፊደል የቆጠርኩት፤ ያለ ፊደል መኖር ምን እንደሆነ ማንም አይነግረኝም። የፈረድኩት መጀመሪያ በሄደችው ላይ ነው። የልጁ ጆሮ ነው አልሽ። ጆሮው መግል ያፈስ እንደነበር አይቻለሁ፤ የትራሱን ጨርቅ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ቢሆንም አሥር ነበሩ።

አሁን ከአሥራ ስምንቱ ቤቶች ጭስ የሚወጣው ከሦስቱ ነው። እስከ ትናንት ማለቴ ነው። የእኔ፣ የአጎትሽ የኒኪፎር፣ የዛሃር። ዛሃርን አትረሺውም፤ ጀልባ ላይ እግሩን ገና ሲያሳርፍ የሚያስመልሰው፣ በዚያ ምክንያት ሬዲዮውና የአውሮፕላኑ ፖስታ የተሰጠው።

አጎትሽ ሰማንያ አራት ሞላቸው። እግራቸው የበረዶውን ወራት ሙሉ አብጦ ከረመ። በግንቦት የጤና ሠራተኛዋ አንቺ ባለሽበት ከተማ በአረጋውያን ቤት ቦታ እንደተገኘላቸው በሬዲዮ ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲህ ዛሃር በየሐሙሱ፣ አውሮፕላኑ ከመምጣቱ በፊት፣ «ጋሼ፣ ላስመዝግብዎት?» ይላቸዋል። እሳቸው ለሚቀጥለው ይላሉ። እንዲህ እያሉ ሰባት ሐሙስ አለፈ። እኔ አውሮፕላኑ እስኪነሳ ድረስ ልቤ ተንጠልጥሎ ነበር የምውለው። እሳቸው ከሄዱ እኔን በልጅነቴ ያየ ሰው በዚህ ደሴት ላይ አይኖርም። ዛሃርም ለአንዲት አሮጊት ብሎ ሬዲዮ ሲጠብቅ አይኖርም።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ሾርባ ይዤላቸው ሄድኩ። የቆርቆሮ ሥጋ ነው። ሁለት ጊዜ ቀምሰው ማንኪያውን አስቀመጡት።

«አንቺ ሙሽራ» አሉኝ። ወንድማቸውን ካገባሁ አርባ ሰባት ዓመቴ ነው፤ እስካሁን ሙሽራ ነኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ ባሕር አፍ ላይ ኖሬ በስተርጅና የላም ሥጋ ከቆርቆሮ ልብላ? ከተማ ብሄድም የሚያበሉኝ ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው ታዲያ?»

ሳህኑን አጥቤ ወጣሁ። እቤቴ እስክደርስ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ልዩነቱን ባሳያቸው ይቀራሉ። ትኩስ ዓሣ ከመንደራችን ከጠፋ ሁለት ዓመት ሊሆን ነው።

የመንደሩ ጀልባ ሞተር ከአምና መስከረም ጀምሮ ቆሟል። የቀረው ያባትሽ የኤርሞላይ ካያክ ነው፤ ያ ጠባቡ የሚቀዘፍ ጀልባ። ከጎተራው አወጣሁት። ልባሱ ሁለት ቦታ ተቀዶ ነበር፤ ሸራ ጠቅሜ ቀለም ቀባሁበት፤ ሲደርቅ ሁለት ቀን ጠበቅሁ። ሴት ብቻዋን ካያክ ይዛ ለዚያ ጠፍጣፋ ዓሣ፣ ለሃሊበት መውጣት በእኛ ዘንድ እንዳልነበረ ታውቂያለሽ። እኔ የማውቀው በልጅነቴ ካባቴ ፊት ባለው የካያኩ መቀመጫ ቀዳዳ ተቀምጬ መንሸራሸርን ነው። ከባሕር ዳር ሆኜ ትንንሾቹን ድሮ አጥምጃለሁ። ትልቅ ሃሊበት ግን በዕድሜዬ አንድም ቀን በራሴ እጅ አልያዝኩም።

በዚህ ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ነፋሱ ቆመ። ዛሃር ካያኩን ሊገፋልኝ ወረደ።

«አክስቴ፣ ኑዛዜውን ለማን ሰጠሽ?» አለኝ።

«አንተ እዚያው መሬት ላይ ቁም፤ ደግሞ እንዳያስመልስህ» አልኩት። ሳቀ። ወገቤ በቀዳዳው አልገባ ሲል እሱ ትከሻዬን ይዞ ቁልቁል ተጫነኝ። እንዲያም ሆኖ እየሳቀ ነበር።

አባትሽ የማጥመጃ ቦታውን የሚያገኘው የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ በላይ ልክ ሲቀመጥ በማየት ነበር፤ በሌላ በኩል ደግሞ ጥቁሩ ቋጥኝ ከባሕሩ ዳር የቆመውን የሰማዕታቱን መስቀል ሲሸፍን። ስንት ዓመት ከደጃፌ ሆኜ እሱን አይ ነበር፤ እሱ የሚያየውን ግን ያየሁት ያን ዕለት ነው። ከውኃው ላይ ሲያዩት መንደራችን ሰው ያለበት ይመስላል። ቤቶቹ በሩቅ አይለያዩም።

ጨው የበላ የሳልሞን ዓሣ ሆድ በመንጠቆው ላይ አድርጌ ገመዱን ለቀቅሁ። ጫፉ ላይ ያሰርኩት ድንጋይ የባሕሩን ወለል ሲነካ ክንድ ያህል ወደ ላይ ሳብኩ። እጄ እስኪደነዝዝ ጠበቅሁ። ከዚያ አንድ ነገር ገመዱን ያዘብኝ፤ መንጠቆው ከቋጥኝ ጋር ተጣበቀ ብዬ ተናደድኩ። አባትሽን ደግሞ ረገምኩት፤ ቦታህ ይህ ነው ብዬ። ቋጥኙ ቀስ ብሎ መሄድ ጀመረ።

ገመዱን ከካያኩ ጋር ማሰር እንደሚገድል ታውቂያለሽ። ብርቱካናማውን ተንሳፋፊ ኳስ አስሬበት ነበርና ወረወርኩት። ውኃው ዋጠው። ተመልሶ ወጣ፣ እንደገና ዋጠው። እኔ ከኋላው እየቀዘፍኩ ተከተልኩ። እስኪደክም ድረስ መከተል ነው ሥራው፤ አባትሽ ሌላ ምንም ብልሃት የለውም ይል ነበር። የባሕሩ ፍሰት ወደ ሁለቱ ደሴቶች መሃል ይስበን ጀመር። ተመለሺ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ሐሙስን አሰብኩና ቀዘፍኩ።

ሲወጣ የበር ያህል ነበር። ጀርባው የባሕሩን ወለል ይመስላል፤ ሁለቱ ዓይኖቹ በአንድ ጎን ሆነው ያዩኛል። በጭራው አንዴ ቢመታኝ ካያኩ ለሁለት ይከፈላል። ይዤው የወጣሁትን ዱላ አነሳሁና በዓይኖቹ መካከል መታሁት። ሦስት ጊዜ ነው የመታሁት። በሁለተኛው ስምሽን ጠራሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ጉንጩን ከጭራው ጋር በገመድ ጠፍሬ ከኋላዬ ጎተትኩት። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ዛሃር እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ጠበቀኝ። ዓሣውን አሸዋ ላይ አውጥተን ስናጋድመው ከእሱ ቁመት ይበልጣል። ዞር ዞር ብሎ አየው።

«አክስቴ፣ ማን ማንን ነው ያጠመደው?» አለ። ቀጥሎ ደግሞ «ለጋሼ መርከብ ጥሎልን ሄደ በያቸው። አንቺ ያዝሽው ብንል ማን ያምናል?» አለኝ።

ቀልዱ ነው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ስልሳ ስድስት ዓመት ጠብቄ የያዝኩትን ዓሣ ለመርከብ ልስጥ? እኔ ነኝ ያጠመድኩት እላለሁ፣ አንተም ምስክር ትሆናለህ አልኩት።

ልጆችሽ የከተማ ልጆች ሆነው ረስተውት ከሆነ አንብቢላቸው። የመጀመሪያ ትልቅ ዓሣውን የያዘ ሰው ከዓሣው አይቀምስም፤ እቤቱም አያሳድረውም። ጭንቅላቱ ለመንደሩ ታላቅ ነው፤ የቀረው ለየቤቱ ይደርሳል። እዚያው አሸዋው ላይ ቆራርጬ አሥራ ስምንት አደረግሁት። ሰው ያለባቸው ቤቶች ብቻ ይድረሳቸው ቢሆን ለዛሃር ጀልባ ሙሉ ዓሣ፣ ለእኔ ምንም ሊሆን ነው። በየደጁ ዞሬ በየእጀታው ላይ አንጠለጠልኩ። ያንቺም አልቀረም፤ ከሆዱ አካባቢ፣ የምትወጂውን። እስከ ረቡዕ ጠዋት ቆየ። ከዚያ ንስር ወሰደው።

ጭንቅላቱን ቀቅዬ ለአጎትሽ ወሰድኩ። ድስቱን ገና ሳልከፍተው ሽታውን አወቁት። ከመስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኳቸውና ትራስ ደገፍኩላቸው። የጉንጩን ሥጋ በጣታቸው አውጥተው አፋቸው ውስጥ ያዙት፤ ቶሎ አልዋጡትም። ማን አመጣው አሉኝ።

«እኔ» አልኳቸው። «በኤርሞላይ ካያክ። የመጀመሪያዬ ነው።»

ያን ጊዜ የት እንደያዝኩት ጠየቁኝ፤ ጉልላቱንና ቋጥኙን ነገርኳቸው። ስንት ጊዜ መታሽው አሉ፤ ሦስት አልኩ። ኳሱ ስንት ጊዜ ሰጠመ አሉ፤ መቁጠሬን ትቼ ነበር። አንድ በአንድ እየጠየቁ ጭንቅላቱን እስከ አጥንቱ በሉት። እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ እንደ ሞኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ እንዲህ ሲበሉ ማየቴ ነው። በልቤ ቀሩልኝ አልኩ።

እጃቸውን ጠርገው ራሴ ላይ ጫኑት። በባሕሩ ላይ ያላቸውን የማጥመጃ ቦታ ለእኔ መስጠታቸውን፣ ከዛሬ ጀምሮ የእሳቸው ድርሻ የእኔ መሆኑን ተናገሩ። ኤርሞላይ የመጀመሪያውን ሲይዝ አባታቸው እንዲህ ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ ቃሉ ያው ነው። እጃቸው ከራሴ ላይ ሳይነሳ፣ «በይ ዛሃርን ጥሪልኝ» አሉ።

«ምነው ጋሼ?»

«ለሐሙስ ያስመዝግበኝ።»

መጀመሪያ በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም።

«ሰባት ሐሙስ የቆየሁት እግሬ ተሽሎኝ መሰለሽ?» አሉኝ። «ቦታዬን የምሰጠው አጥቼ ነው። ኤርሞላይ በሞት ቀደመኝ። የሌሎቹ ልጆች ከተማ ገቡ። ዛሃር እንኳን ለባሕር ለመታጠቢያም አይሆንም። ቦታን ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ ነውር ነው። አሁን አንቺ አለሽ።»

«እኔ ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ጋሼ።»

«ሙሽራ አይደለሽ እንዴ» አሉና ፈገግ አሉ። እፎይ ያለ ሰው ፈገግታ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ፈገግታ የጠላሁት የለም።

አየሽ ስቴፓኒዳ፣ ያቆያቸው የሚተካቸው ማጣታቸው ነበር። እኔ ደግሞ ቀዝፌ ሄጄ ተኪ አመጣሁላቸው። መርከብ ጥሎልን ሄደ ብዬ ቢሆን ኖሮ ጉንጩን በልተው ተኝተው፣ ለሚቀጥለው ሐሙስ ይሉ ነበር። ሽማግሌው ጭንቅላቱን ሲበላ ምን እንደሚሆን የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ያን ዕለት ግን እኔ ነኝ ማለቱ ጣፈጠኝ።

ትናንት ሄዱ። ዛሃርና እኔ በባለሞተሩ ጋሪ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ወሰድናቸው። አትሂድ አልኳቸው፤ አብራሪው እየሰማ፣ ሦስት ጊዜ፣ አንቱታውን እንኳ ረስቼ። «በይ ነፋሱ ሳይነሳ ግቢ» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። አንቺ የሄድሽ ዕለት ወደ ማረፊያው አልወጣሁም። አትሂጂም አላልኩሽም። ያልኩሽን አንቺም ታስታውሺያለሽ፣ እኔም አስታውሳለሁ፤ እዚህ ላይ አልጽፈውም።

አድራሻቸውን ከደብዳቤው ጋር አስገብቻለሁ። ካንቺ ቤት በአውቶቡስ ሩቅ አይደለም ብላለች የጤና ሠራተኛዋ። ልጆቹን ይዘሽ ሂጂ። የቆርቆሮ ሥጋ እንዳትወስጂላቸው። እግራቸውን ከፍ አድርገው እንዲቀመጡ ንገሪልኝ፤ እኔ ስላቸው አይሰሙም።

አሁን የመንደሩ ታላቅ እኔ ነኝ። ጭንቅላት ይዞልኝ የሚመጣ የለም። ዛሬ ጠዋት ዛሃር መጥቶ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ፖስታው በመጸው ይቆማል አሉ፤ በከተማ የመጋዘን ሥራ አግኝቷል፤ ልቀበለው እንዴ አለኝ። ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ምን እንድለው እንደሚጠብቅ አውቄያለሁ። ሻይ ቀዳሁለት፤ ሃሊበቱን ጨው ያደረገበትን በርሜል በደንብ እንዲከድን ነገርኩት።

እግዚአብሔር ጆሮውን ይፈውስልሽ። ልጆችሽ በፊትሽ ይደጉ፤ በእርጅናሽ ከጎንሽ አይጥፉ። እንጀራሽ ይብዛ፣ ቤትሽ ይሙቅ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ቅያሜው እንዳለ ሆኖ።

በስተመጨረሻ አንድ ነገር እወቂልኝ፤ ለዛሃርም፣ ላንቺም፣ ለሌላም ለማንም። ከእንግዲህ ማንንም አትሂድ አልልም።

እናትሽ ፌክላ