ሳላወጣው ስለቆየሁት ተዝካር፣ ለባህል ንድፈ ሐሳብ መምህሬ

ለተከበሩ የማታው ኮርስ መምህር፤
ቶሮንቶ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎስ? ብርዱ ዘንድሮ ለሁላችንም ከብዷል፤ እርስዎን ግን እግዚአብሔር በሙቀት ያቆይልን። ጎንደር ሁለት ዓመት ተቀምጠው አማርኛ ማንበብ እንደቻሉ ስለነገሩን፣ ደብዳቤዬን በቋንቋዬ፣ በማኅበራችን ጋዜጣ ላይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

አስቀድሜ ጥፋቴን ልናገር። የባለቤቴን የእንቁን ሙት ዓመት አላወጣሁም። ለጠየቀኝ ሁሉ «አገር ቤት ተደርጎላታል» እያልሁ፣ ከቅዳሴ መልስ ሳይቀር፣ ሦስት ዓመት ዋሽቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰበቡን ግን ያገኘሁት ከክፍልዎ ስለሆነ ምስጋናዬ እነሆ፤

፩ኛ/ የዛሬ ሦስት ዓመት ከብሉር ሳብዌይ ባቡር ወርጄ ወደ ክፍልዎ የገባሁት፣ ማስታወቂያው ላይ «ባህል» የሚል አይቼ ሽማግሌ የፈለጋችሁ መስሎኝ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ምሽት ትምህርት ሲያበቃ፣ እንደ አገሬ ወግ ተነስቼ፣ እጄን ዘርግቼ መረቅኋችሁ። አሜን ያለ አልነበረም። እርስዎ ግን ጎንበስ ብለው ምርቃቴን በማስታወሻዎ ጻፉት። ከንቱ ስላላስቀሩብኝ እግዜር ይስጥልኝ።

፪ኛ/ የሰው ልጅ ሁሉ አንድ መሰላል እንደሚወጣ፣ ለሙታን መደገስም ከታችኛው እርከን የተረፈ የልጅነት ቅሪት እንደሆነ ያስተማሩ የእንግሊዝ ሊቃውንት እንደነበሩ ነገሩን። በማግስቱ ለተዝካሩ አዳራሽ ልይዝ ያነሳሁትን ስልክ መልሼ አስቀመጥሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ የተማረ ሲናገር አፍራለሁ። በሳምንቱ ደግሞ ያ ሐሳብ ከተተወ መቶ ዓመት ሊሞላው እንደሆነ ገለጹልን። ሳይቸኩሉ ስላስተማሩን አመሰግናለሁ፤ የሙት ዓመቷ ቀን ግን በመካከሉ አልፎ ነበር።

፫ኛ/ ከዚያ ጀርመኖቹ መጡ፤ ልማድ ከአገር ወደ አገር የተቀዳ ነው አሉ። ቀጥለው ሌሎች መጡ፤ ተዝካር እንደ መኪና ብሎን ኅብረተሰቡን አጥብቆ ይይዛል አሉ። ኋላ ደግሞ ባህል እንደ መጽሐፍ ይነበባል ተባለ። ሁሉም እንደ ለቅሶ ደራሽ ተራ በተራ ገብተው ወጡ፤ «እግዜር ያጥናህ» ያለኝ ግን የለም።

ደግሞ ራሴን ስመረምር፣ ሊቃውንቱ ከመቃብር ተነስተው ስልኬን አልቀሙኝም። ድግሱ ካለቀና ሰው ከተበተነ በኋላ ወደ ባዶ ቤት መግባቱን ፈርቼ ነው። ሰበብ ስፈልግ እርስዎ በጥሩ እንግሊዝኛ አሰናድተው ጠበቁኝ። ይህን ሬክስዴል ሰፈር ለምትኖረው ለእህቷ ለተናኜ ኮል አድርጌ ብናዘዝላት፣ «ጋሼ በየነ፣ እህቴ ገነት ለመግባት የፈረንጅ ሪፈረንስ ያስፈልጋታል እንዴ?» ብላ ዘጋችብኝ።

ዕውቀትዎ እንዲበዛ፣ የሚሻርብዎም እንዲያንስ ከልብ የምመኝልዎ፣
የኋላ ወንበር ደቀ መዝሙርዎ
በየነ ገረመው፣ ከፓርክዴል

ማስታወሻ፦ ባለፈው ቅዳሜ ተዝካሯን አወጣሁ። ተናኜ አኩርፋም ቢሆን ድስቷን ተሸክማ መጣች። ድግሱ ከየትኛው ሊቅ ትምህርት እንደሚገባ ሳልጠይቅዎ በመቅረቴ ይቅርታ፤ ካህኑ እንቁን በክርስትና ስሟ «ወለተ ሚካኤል» ብለው ሲጠሯት፣ ቆሜ እየሰማሁ ነበር።