እናዛውራቸው ያልኩ ቀን

ንጎንግ፣ ናይሮቢ ዳር

ለምወድሽ እታለም፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? የፎቁ ሊፍት ተሠራ ወይስ አሁንም በደረጃ ነው? ልጆቹስ ፈተና ጨረሱ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን፤ ዝናቡ ገብቶ ሻምባው፣ የፍየሎቹ መሰማሪያ ሁሉ፣ አረንጓዴ ሆኗል።

በወረቀት መጻፌ እንዳይገርምሽ። በስልክ ከጀመርን እንጣላለን፤ በዋትስአፕ ድምፅ ብልክልሽ ደግሞ ግማሹን ሰምተሽ ትደውያለሽ። አውቅሽ የለ!

እሑድ አባባን ልትወስጃቸው ነው። ተራው ያንቺ፣ ቀጥሎ የእህታችን የርብቃ፣ ከዚያ ተመልሶ የኔ። ባለፈው ከኔ ወደ አንቺ ቤት ኪሌሌሽዋ ሲመለሱ፣ ከስተው መጡ፣ ምን አብልተሻቸው ነው ብለሽኛል። እውነቴን ነው፣ አንጀቴ አርሯል።

ፍየል እያረባሁ አንድ ነገር ገባኝ። ፍየል እንደ ላም አይደለችም፤ ቅጠል ቅጠሉን፣ አናት አናቱን እየመረጠች ትቀነጥባለች። ጥሩ ጥሩው ሲያልቅባት ግን አጎንብሳ እስከ ሥሩ ትግጣለች፤ የሆድ ትል የምትለቅመውም ከዚያ ነው። ለዚህ ነው ሻምባውን በአጥር ከፋፍለን ከአንዱ ወደ ሌላው የምናዛውራቸው። ታዲያ ከደረቁ አውጥተሽ ድንገት እርጥቡ ላይ ከለቀቅሻቸው ሆዳቸው ይነፋል። እስኪለምዱ ድርቆሽ እያበላሽ ቀስ በቀስ ነው። አባባም ያው ናቸው። እኔ ጋ ሲመጡ መጀመሪያ ሰሞን ሳህኑን ገፋ ያደርጉታል። ሳውዝ ሲ ርብቃ ቤትም እንደዚሁ እንደሆኑ ራሷ ነግራኛለች። አንቺም ጋ እንደዚያ ነው፣ አትካጂ። ቤቱን ለምደው መብላት ሲጀምሩ ተራው ያልቅና እናነሳቸዋለን።

ሐሙስ ማታ አብሮኝ ለሚሠራው ለባልቻ በስልክ፣ ነገ ጠዋት እናዛውራቸው፣ እዚህ ያለውን ጨርሰውታል፣ ከዚህ በላይ ማቆየት አያዋጣንም አልኩት። ስለ ፍየሎቹ ነበር። ይሄ ቋንቋችን ደግሞ ለብዙ ፍየልም ለአንድ አባትም አንድ ነው። አባባ ለካ ከጎን ክፍል ይሰሙኝ ኖሯል።

ጠዋት ብነሳ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ሻንጣቸውን አጠገባቸው አድርገው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ወዴት ነው አባባ ብላቸው፣ ባልቻን አታስቸግሪው ልጄ፣ ማታቱ ታክሲ እይዛለሁ አሉኝ። ምነው በሞትኩት! እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ፣ ፍየሎቹን እኮ ነው ብዬ ማልኩላቸው። ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ አይዞሽ፣ ሣሩም ማረፍ አለበት አሉኝ።

እታለም፣ ይቺን ቃል ይዤ ስንት ጊዜ አሰብኩ መሰለሽ። እውነት ነው፣ በማዛወር የሚያርፈው መሬቱ ነው። እኛ ሦስታችንም አርፈናል፤ እሳቸው ግን መቼ አረፉ?

እሑድ ነይ፤ ግን ልትወስጃቸው አትምጪ። ምሳ እንብላና እንነጋገር። እኔ ጋ ይቅሩ ብትይ ደስታዬ ነው። የለም፣ አንቺ ጋ ይሁኑ ካልሽም አልከራከርሽም፤ ብቻ አንድ ቤት ይሁን። ርብቃ እሺ ብላለች፤ የቀረሽው አንቺ ነሽ።

ዛሬ ልብሳቸውን ቁም ሳጥን ውስጥ ልሰቅልላቸው ሻንጣውን ብከፍት፣ እሑድ መልሰሽ ለማውጣት ለምን ትደክሚያለሽ ብለው ዘጉት።

ጌታ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ቤትሽን በሰላሙ ይሙላው።

የምትወድሽ ታናሽሽ