ሁለት እግሬ መሬት የሚነካበት ሞተር

ለውድ ወንድሜ ለወሰኑ፣

እንደምን ከርመሃል? እንደምን ሰነበታችሁ? ያ ወገብህ እንዴት ሆነልህ? መኪና ሥር ተጋድሞ መሥራቱን ቀንሻለሁ ብለኸኝ ነበር፤ እውነት ከሆነ ተመስገን፤ እኔን ለማረጋጋት ያልከው ከሆነ ግን ማኅሌት ሐቁን ትንገረኝ። ለመሆኑ የእሷ ደም ግፊት እንዴት ነው? ጨው ተወች ወይስ እንደ ድሮው ደብቃ ትነሰንሳለች? ናትናኤል ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? ሀናስ የጅግጅጋ ነፋስና አቧራ ጉንፋኗን አላባሰባትም? ሁላችሁንም በዓይነ ሕሊናዬ ሳላይ የምውልበት ቀን የለም። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ጤፉ ተወቅቶ ገብቷል፤ የጠዋቱ ውርጭ ብቻ ነው የሚያስቸግረን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። በስልክ አንተ ቶሎ ትቆጣለህ፣ እኔም ቶሎ እዘጋለሁ። ባለፈው እሑድ «በስድሳ አንድ ዓመትሽ ሞተር ሳይክል? ያውም ማየት የተሳነውን ሰው ከኋላ ጭነሽ?» ስትለኝ ዘጋሁብህ። ስለ መዝጋቴ ይቅርታ አድርግልኝ። ልጄ አቢጊያም የነገረችህ ፈርታ መሆኑን አውቃለሁ፤ አልተቀየምኳትም። ግን ነገሩን ግማሹን ብቻ ነው የሰማኸው። ደብዳቤ መሃል ላይ አይዘጋምና ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

ባሌ፣ ጋሽህ ጉደታ፣ ዓይኑን እንደታመመ ታውቃለህ፤ የደረሰበትን ደረጃ ግን ለማንም አልነገርንም። አምቦ ያየው ሐኪም የዓይን ግፊት ነው አለው። በቀኝ ዓይኑ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። በግራው ፊት ለፊቱን ያያል፣ ግራና ቀኝ ያለው ግን የለም፤ በመቃ ቀዳዳ አሾልቄ እንደማይ ነው ይላል። የጠፋው አይመለስም፣ ጠብታውን ሳያቋርጥ በየወሩ ከታየ ግን የቀረውን ማቆየት ይቻላል ተባልን። ሐኪሙ ቀጠሮ እንዳታሳልፉ የሚለውን ሁለት ጊዜ ደገመልን።

የምንኖረው ደግሞ ጡረታ ከወጣን ወዲህ በአባቱ ቦታ ላይ ነው፤ ከእጃጂ ሰባት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ። መንገዱ ድንጋያማ ነው፤ መሃሉ ላይ ወንዝ አለ፤ ባጃጅ አይደፍረውም። ነሐሴ ላይ ወንዙን ሲሻገር ድንጋይ አንሸራቶት ወደቀ፤ ከዘራውን ውሃ ወሰደው። በሚቀጥለው ወር የኪራይ ሞተር ጠራንለት። ሹፌሩ መንገድ ላይ ሌላ ሰው ደርቦ ሦስት ሆነው ሄዱ፤ ጉደታ እግሩን የሚያሳርፍበት አጥቶ የጭስ ማውጫው ባቱን አቃጠለው። በጥቅምቱ ቀጠሮ ልብሱን አዘጋጅቼ ብጠብቀው ከአልጋው አልተነሳም። የኅዳሩንም አሳለፈው።

ሠላሳ አራት ዓመት የእጃጂን ልጅ ሁሉ ሒሳብ ያስተማረ ሰው፣ ገበያ ሲወጣ አሥር ቦታ እየቆመ ሰላም የሚባል ሰው፣ ከበሩ እስከ አጥሩ ብቻ መመላለስ ጀመረ። አንድ ቀን ጠብታውን ላደርግለት ጭንቅላቱን ደገፍ ሳደርገው፣ «ዘቢደር፣ ይህን ቤት ሳላየውም አውቀዋለሁ፤ እዚሁ ልታወር» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ምሬት እንኳ አልነበረም፤ በቃኝ ብሎ ጨርሶ ነበር። እኔ የወሰንኩት ያን ቀን ነው።

ሞተር መንዳት ለእኔ አዲስ እንዳልሆነ ከማንም በላይ አንተ ታውቃለህ። የእርሻ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ጌዶ በነበርኩበት ዘመን በሞተር ያልደረስኩበት የገበሬ ማኅበር አልነበረም። አንተን ለፈተና ሀገረ ሕይወት፣ የዛሬዋ አምቦ፣ ያደረስኩህስ እኔ አይደለሁም? ጉደር ቁልቁለቱ ላይ ወገቤን እንዴት ጨምድደህ እንደያዝከኝ ዛሬ ለልጆችህ ንገራቸው። መንጃ ፈቃዴን ከሣጥን አወጣሁትና ለማሳደስ አምቦ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ፎቶውን ደጋግማ አየችና ልጅዎት ናት እንዴ አለችኝ። እኔ ነኝ ስላት ከወንበሯ ተነስታ እጄን ጨበጠችኝ። ቢሆንም ዓይኔን አስመርምሬ፣ እንደ አዲስ ተፈትኜ ነው ያለፍኩት። ይህን አቢጊያ አልነገረችህም መሰለኝ።

አሁን ወደምታፍርብኝ ነገር ልምጣ። አምቦ ሌንጮ የሚባል የሞተር ጠጋኝ አለ፤ የጉደታ ተማሪ ነበር። ለምርጫው ሞተር መሸጫው ድረስ እሱ ይዞን ሄደ። ጉደታንም ለምኜ ይዤው ነበር፤ ተሳፋሪው እሱ ነውና። የእኔ ልብ ግን ገና ከበሩ አንድ ረጅም ቀይ ሞተር ላይ አረፈ። በወጣትነቴ የምነዳውን የመሥሪያ ቤቱን ሞተር ቁርጥ እሱን ይመስላል። ሻጩም ለገጠር መንገድ ወደር የለውም አለ። ስቀመጥበት መሬት የነኩት የእግሬ ጣቶች ብቻ ነበሩ፤ አውቄዋለሁ፣ ግን ደበቅኩ። ጉደታ እግሩን አንስቶ ለመሻገር ሲሞክር የመቀመጫውን ቁመት ስለማያይ ጉልበቱ ተጋጨ። እንደገና ሲሞክር ሙሉ ክብደቱን በአንድ ጎን ጣለው። ሞተሩ ዘመመ፤ በጣቶቼ ልደግፈው አልቻልኩም። ሳይነሳ፣ በቆመበት፣ እኔም ባሌም ሞተሩም ግቢው መሃል ተዘረርን።

የግራ እጄ አንጓ ወለም አለኝ። እሱስ ይሁን። ጉደታ ግን መሬት ላይ እንዳለ በሁለት እጁ እየዳሰሰ «ዘቢደር፣ የት ነሽ?» ይላል። ከጎኑ ነበርኩ። ሰው እየሳቀ ይሁን እየደነገጠ አላየሁም፤ ያ ድምፅ ብቻ ነው ጆሮዬ ላይ የቀረው።

ሌንጮ ጋራዡ ወስዶ አስቀመጠን፤ እጄን በፎጣ አሰረልኝ። አለቀስኩ፤ አልደብቅህም። ልቅሶዬን ካስጨረሰኝ በኋላ፣ «አዴ ዘቢደር፣ ሞተሩን ለድሮዋ ሴትዮ አይግዙላት። እሷ አትነዳውም። የሚነዱት እርስዎ ነዎት፣ የሚቀመጡት ደግሞ መምህሬ ናቸው» አለኝ። ከዚያ አስረዳኝ። ሰው ሲደረብበት ከባዱ ነገር ሲሄድ ሳይሆን ሲቆም ነው አለ። ከፍ ያለ ሞተር ላይ ክብደቱም ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ትንሽ ከዘመመ የሚመልሰው ጉልበት ነው፤ ጉልበት ደግሞ በስድሳ ዓመት የሚታመኑበት ነገር አይደለም። ስለዚህ የሞተሩን ጉልበት ከመጠየቃችን በፊት ሁለት እግሬ ሙሉ በሙሉ መሬት ይረግጥ እንደሆነ፣ ቢወድቅ ብቻዬን አነሳው እንደሆነ፣ ጉደታ እግሩን ሳይሰቅል ይወጣበት እንደሆነ እንጠይቅ አለ። እጄ እስኪሽር ሁለት ሳምንት ቀጠረን።

የተገዛው እንግዲህ ወጣቶቹ የሴት ሞተር እያሉ የሚስቁበት ግራጫው ትንሽ ሞተር ነው። መቶ አሥር ሲሲ ነው። መቀመጫው ዝቅ ያለና ረጅም ነው፤ በእጅ የሚያዝ ፍሪሲዮን የለውም፤ ማርሹን በእግር መቀየር ብቻ ነው። የኋለኛው ሰው የራሱ የእግር ማሳረፊያ አለው። ሌንጮ የጭስ ማውጫውን በቆርቆሮ ሸፈነው፤ ከመቀመጫው ኋላ ጉደታ የሚይዘውና ጀርባውን የሚያስደግፍበት ብረት በየደልኝ። ከዚያ ሞተሩን ሣር ላይ አጋደመና ያንሱት አለኝ። ጀርባዬን ሰጥቼ፣ በርከክ ብዬ፣ በጭኔ ገፋሁት፤ ተነሳ። ባለሙያ ነህና ዳገቱን እንዴት ይችለዋል ትለኝ ይሆናል። ሌንጮን ከኋላ ጭኜ የሰንከሌን ዳገት በአንደኛ ማርሽ አወጣሁት። ቀርፋፋ ነው፤ እያጉረመረመ ነው የወጣው፤ ግን ወጣ። እኔም ቢሆን የሚያስቸኩለኝ ነገር የለም። ፍሬን ለሁለት ሰው አስቀድሞ መያዝ እንዳለበት፣ የኋላው ጎማ ነፋስ ትንሽ መጨመር እንዳለበትም ነግሮኛል፤ ሁሉንም አደርጋለሁ።

ሞተሩ በጭነት መኪና እጃጂ ከደረሰ በኋላ ሰው በሌለበት ሰዓት ኳስ ሜዳው ላይ መለማመድ ጀመርን። ያስቸገረው የእኔ መንዳት ሳይሆን የጉደታ መቀመጥ ነው። ስዞር ስለሚፈራ በተቃራኒው ይዘማል፤ መሪው ይከብደኛል። ለቀቅ በል ብለው እሺ ይላል፣ መታጠፊያው ሲመጣ ያው ነው። በሦስተኛው ቀን ሞተሩን አቁሜ፣ «ጉደታ፣ ትከሻህ ከትከሻዬ ጋር ትይዩ ይሁን» አልኩት። «መጀመሪያውኑ በሒሳብ አትነግሪኝም ነበር?» ብሎ ሳቀ። ወንድሜ፣ ከነሐሴ ወዲህ ሲስቅ ገና መስማቴ ነበር። ከዚያ በኋላ ከኋላዬ መኖሩ እስኪረሳኝ ድረስ አብሮኝ ይዞራል። እኔም እያየሁ እነግረዋለሁ፤ ድንጋይ፣ ቁልቁለት፣ ውሃ እላለሁ፤ እሱም እጀታውን ይጨብጣል።

ታላቅ ወንድሙ ኦቦ ዋቆ ወሬውን ሰምቶ መጣ። በኦሮምኛ ብዙ ተናገረ፤ ወንድ ልጅ ከሚስቱ ኋላ ተቀምጦ ገበያ ሲገባ አባታችን ቢያይ ምን ይል ነበር ነው ፍሬ ነገሩ። ጉደታ ረጋ ብሎ፣ እሷ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በሄድኩበት ሁሉ ከኋላዬ ስትከተለኝ ማን ጠየቃት አለው። ዋቆ ሲሄድ ሞተሩን ዞሮ ዞሮ አየው፤ የኋላውን ብረትም ነቅነቅ አድርጎ ጥንካሬውን ፈተነ።

ከዚያ የታኅሣሡ ቀጠሮ ደረሰ። በጠዋት ወጣን። ወንዙ ጎድሏል፤ መሃል ስንደርስ ግን ከብት የሚያጠጡ ሰዎች ነበሩና አንድ በሬ ድንገት ዞሮ ፊታችን ቆመ። ፍሬን ያዝኩ። ሞተሩ ጠፋ። ጉደታ ከኋላዬ ምን ተፈጠረ አለኝ፤ በሬ ነው፣ አትንቀሳቀስ አልኩት። ሁለት እግሬን ውሃው ውስጥ ድንጋዩ ላይ ተክዬ፣ እሱም እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ፣ በሬው እስኪሄድ ጠበቅን። ጫማዬ ውሃ ሞላ። አልወደቅንም። የማስነሻ ቁልፉን ተጫንኩ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ተሻገርን። ዳገቱን ስንጨርስ ጉደታ ትከሻዬን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገኝ።

እጃጂ ላይ ሞተሩን የማውቃት ሴት ግቢ አስቀምጠን በሚኒባስ አምቦ ገባን። ይህንን በተለይ ልብ በልልኝ፤ ዋናው መንገድ ላይ ከጭነት መኪና ጋር አልጋፋም፤ ሞተሩን የገዛሁት ለሰባቱ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሐኪሙ ሁለት ወር በመቅረታችን ተቆጣ፤ የግራው ዓይን ትንሽ ተጎድቷል አለ። እውነቱን ስነግርህ፣ ያ የተጎዳው ከእንግዲህ አይገኝም። ጠብታው ተጨመረለት። ባለፈው ሳምንት በጥር ወር ቀጠሮ ስንመለስ ግን ግፊቱ ወርዷል፣ የቀረው ባለበት ቆሟል ተባልን። በዚሁ እንዲቆይ እየጸለይን ነው። ለእኔም ለራሴ ገደብ አበጅቻለሁ፤ በየወሩ መጀመሪያ ሞተሩን ሣር ላይ አጋድሜ ብቻዬን አነሳዋለሁ። ማንሳት ያቃተኝ ወር የምተውበት ወር ነው፤ ለአቢጊያም ቃል ገብቼላታለሁ፤ ለአንተም ይኸው እገባለሁ።

አሁን ጉደታ ማክሰኞ ማክሰኞ እጃጂ እየወረደ ከድሮ ባልደረቦቹ ጋር ይውላል። ቅዳሜም ጸሎት ቤት የመዝሙር ልምምድ አለው። ግን አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሥራዬን ጨርሼ ደጅ ተቀምጬ ሳለሁ ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። ቀጠሮም ገበያም ያለበት ቀን አልነበረም። የት ልውሰድህ ብዬ ጠየቅኩት። «የትም፤ እንዲሁ ንጂኝ» አለኝ። ወጣን። በኮረብታው ጥግ ባለው ሜዳማ መንገድ ቀስ ብዬ ነዳሁ። የታጨደው እርሻ ሽታ ሲመጣ ይህ የእነ እገሌ ማሳ ነው ይለኛል፣ ባሕር ዛፉ ሲያፏጭ ትምህርት ቤቱን አለፍን ይላል፤ አንዱንም አልሳተም። እኔ ምንም አልነገርኩትም። ያን ሁሉ መንገድ እሱ ነበር የሚያሳየኝ።

ማኅሌትን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ፤ የታዘዘላትን ኪኒን እንዳታቋርጥ በላት። ናትናኤልን አክስትህ ሒሳብ ከከበደህ ጋሼ ጉደታ በስልክ ያስረዳሃል ብላለች በለው፤ ሀናን ጉንጯን ግራና ቀኝ ሳምልኝ። ጉደታም ለሁላችሁ ሰላምታ ያቀርባል፤ ለአንተ ለብቻህ ደግሞ፣ ስትመጣ ከኋላ ያለውን ቦታ ለአንድ ቀን እለቅልሃለሁ ብሏል። ጤናና ሰላም ከቤታችሁ አይራቅ።

የምትወድህ እህትህ
ዘቢደር

እጃጂ
ጥር 21 ቀን 2007 ዓ.ም.