በባዶ ሆድ ሁለት መቶ ስልሳ ስምንት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14 ቀን

ለሚጣዬ፣ ለዓይኔ ብርሃን፤

እንዴት ነሽ ልጄ? አውቶብስሽስ? ተሳፋሪዎችሽ አደብ ገዙ ወይስ አሁንም ይነዘንዙሻል? እኔ አሁን ደህና ነኝ። “አሁን” ያልኩት እንዲያው አይደለም። አራት ወር ሙሉ የደበቅኩሽ ነገር አለ። በስልክ ድምፅሽን ስሰማ አፌ ስለሚተሳሰር ነው ወረቀት ያነሳሁት። አንብበሽ ሳትጨርሺ እንዳትደውዪ።

ሰኔ ላይ በመሥሪያ ቤታችን ዓመታዊ ምርመራ ነበር። ነርሷ በባዶ ሆዴ ጣቴን ወግታ ደም ወሰደችና መለኪያውን ደጋግማ አየችው።

“ሁለት መቶ ስልሳ ስምንት። ከመቶ በታች መሆን ነበረበት” አለችኝ። “እናቴ፣ ድካም አይሰማዎትም?”

“በሃምሳ ሁለት ዓመቴ የስልሳ ሜትር መሰላል እየወጣሁ? ባይደክመኝ ነበር የሚገርመው!”

አልሳቀችም። “ስኳሩ ደምዎ ውስጥ ሞልቷል፤ ጡንቻዎ ጋ ግን አይደርስም። ጓዳው ሞልቶ ቁልፉ እንደጠፋበት ሰው ነው የሚራቡት” አለችና፣ ወረቀቱን ለሐኪምም ለፎርማኑም እንዳሳይ አስጠነቀቀችኝ።

እኔ እቴ! አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ወሸቅኩት። ፎርማኑ ካየው ከክሬኑ ያወርደኛላ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁበት ወንበር ነው። ለሌላው ሰው ተረት ይሁን እንጂ፣ እኔ እዚያ ስቀመጥ እውነትም ከራስ በላይ ነፋስ ነው።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ስነሳ ድንጋይ ስሸከም ያደርኩ ይመስለኝ ጀመር። የውሃ ጥሙማ አይጣል ነው። ከጠጣሁ ሽንት ይመጣል፤ ሽንት ከመጣ ያንን ሁሉ መሰላል መውረድ ነው። ስለዚህ ውሃውን ተውኩት። እናትሽ እንዲህ ብልህ ናት! ከምሳ በኋላ ዓይኔ ሲከደንብኝ ጉንጬን በጥፊ እያጮልኩ እሠራ ነበር። አንቺ ስትደውዪ ግን “ሥራ በዝቶ ነው” እልሻለሁ።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ አንድ እስር የፌሮ ብረት ወደ ዘጠነኛው ፎቅ እያነሳሁ ነበር። ታች ሆኖ በሬዲዮ የሚመራኝ ፉጨት የምንለው ሰውዬ ነው። “ወደ ግራ፣ እታለም፣ ወደ ግራ” ይለኛል። ግራ የትኛው እንደሆነ ጠፋኝ። እጄ ከማንሻው ላይ ይንሸራተታል። ቁልቁል ሳይ ፎቁም ሰዉም አንድ ላይ ተቀላቅሎ ጭጋግ ሆነብኝ። ፌሮው ሲወዛወዝ ወንበሬ ድረስ ይሰማኛል። ከሥሩ ስምንት ሰው ሲሚንቶ ያፈስሳል፤ እኔ ደግሞ ያንን አውቃለሁ።

“እታለም! ምን ሆነሻል?”

ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት የተናገርኩት ያኔ ነው። “አይታየኝም” አልኩት።

ፉጨት አልጮኸም። እነዚያን ሰዎች ጠርጎ ሲያስወጣ በሬዲዮ እሰማለሁ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ “ምንም አትንኪ። መወዛወዙን ይተው። አሁን በጣም ቀስ ብለሽ ወደ ቀኝ… በቃ። አሁን ልቀቂ፣ ትንሽ፣ ትንሽ…” እያለ ፌሮውን ባዶው መሬት ላይ አስቀመጠው። እጁ የኔ፣ ዓይኑ የሱ ነበር። ስወርድ ሁለት ሰዎች ከሥሬ ሆነው እግሬን እያንዳንዱ እርከን ላይ ያስረግጡኝ ነበር።

ፎርማኑ ከቦርሳዬ አውጥቼ የሰጠሁትን ወረቀት አነበበና “ለምን አልነገርሽኝም?” አለኝ።

“ብነግርህ ታወርደኝ ነበር።”

“አዎ፣ አወርድሽ ነበር” አለ። ወረቀቱን አጣጥፎ መለሰልኝ። ያን ቀን ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐኪሙ መድኃኒት ጀመረልኝ። ቁርስ እበላለሁ፤ ጣፋጩን ትቻለሁ፤ ማታ ማታ ከጎረቤቴ ጋር በእግራችን ሰፈሩን እንዞራለን፤ እሷ በወሬ እኔ በላብ። በባዶ ሆድ የሚለካው ወደ መቶ ዘጠና፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ወደ መቶ ሃያ አራት ወርዷል። ከቁጥሩ ጋር ድካሙም ወረደ፤ ከምሳ በኋላ ዓይኔ አይከደንም። አሁን የምሠራው ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ነው። ወደ ክሬኑ ልመለስ አልመለስ ሐኪሙ ገና አልወሰነም። መሬትም ደህና ነው። ብቻ አንገቴ ቀና ማለት ይወዳል።

ይኼን ሁሉ የጻፍኩት እንድታዝኚልኝ አይደለም፣ ሚጣ። እሁድ ዕለት ስንነጋገር “ቆይ ውሃ ልጠጣ” ብለሽ ሦስት ጊዜ ስልኩን አስቀመጥሽው። ተርሚናል ላይ መሪው ላይ ተደፍተሽ እንደምትተኚም ነገርሽኝ። ስጠይቅሽ “ሥራ በዝቶ ነው” አልሽኝ። ይቺን ቃል ከየት እንዳመጣሻት አውቃለሁ።

ሳቅሽ የኔ ነው፣ እልህሽ የኔ ነው፣ ሁሉም ይላል። እኔም ስኮራበት ኖሬአለሁ። ከእሁድ ወዲህ ግን ሌላ ምን ሰጥቻት ይሆን እያልኩ ነው።

ደብዳቤው እንደደረሰሽ በማግስቱ ጠዋት፣ ምንም ሳትቀምሺ፣ መሪውን ሳትይዢ፣ ተለኪ። ቁጥሩ ትንሽም ይሁን ትልቅ ለኔ ንገሪኝ፤ ያለውን እንዳለ። አልቆጣሽም። በምን አፌ?

አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ።

ስልኩን ከእጇ የማታስቀምጠው
እናትሽ