ከመስኮትሽ ሥር የሚወርደው ውሃ

ኅዳር 9 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለዓለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሳሉ ቀለል አለሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ አልፎ አልፎ ያኮርፈኛል። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ነርሶቹ ደጎች ናቸው፤ እንቅልፍ ግን የለም፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ውሃ አይሰማም» የምትለዋ ላይ ስደርስ ሦስቱንም ጊዜ መነጽሬን አወለቅኩ።

ከሥር ደግሞ «ወንድሜ ብቅ ካለ፣ ያንን የበሰበሰ ዘር እስካሁን አልረሳሁለትም በለው» ብለሻል። አላልኩትም። ለምን እንዳላልኩት ልንገርሽ፤ ከዚያ ብትቆጪኝም እችለዋለሁ።

አምና ታመሽ የተኛሽበትን ክፍል ታስታውሻለሽ። ከሰዓት በኋላ መጋረጃው ብርሃኑን ወተት ያስመስለዋል፤ አንቺ ዓይንሽን ጣሪያው ላይ ተክለሽ ትቀሪያለሽ። አንድ ቀን ማሳውን ላጠጣ የቦዩን መዝጊያ ሳንቃ ሳነሳ፣ ውሃው በመስኮትሽ ሥር ኩልል እያለ አለፈ። ተመልሼ ስገባ ተኝተሻል፤ አፍሽን ከፍተሽ፣ እንደ ሕፃን። በማግስቱም አነሳሁት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ትንፋሽሽንና ውሃውን አብሬ እሰማ ነበር፤ የቱ የቱ እንደሆነ የሚጠፋኝ ጊዜም ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ወቅት የለም።

ውሃ የፈለግሽው ግን አንቺ ነበርሽ እንጂ ማሳው አልነበረም። አፈራችን ጥቁር ጭቃ ነው፤ የጠጣውን አይለቅም። የስኳር ቀይ ሥር ደግሞ (ስሙ ብቻ ነው ቀይ፣ ራሱ ነጭ ነው፤ ስንቴ ስቀሽበታል) በልጅነቱ ትንሽ ሊጠማ ይገባዋል። ሲጠማ ነው ውሃ ፍለጋ ወደ ታች የሚወርደው። የእኔዎቹ ሁሉ ነገር አፋቸው ድረስ ስለመጣላቸው ከላይ ቀሩ፤ አየር ያጣው ጭራቸው ጠቆረ፣ ሸተተ። ስኳር ፋብሪካውም ምርቱን የጫንኩበትን መኪና ሳያራግፍ መለሰው። አንቺ «ወንድሜ ያመጣው ዘር ነው» አልሽ። እኔ ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። እኅትና ወንድም ተኮራርፋችሁ ይኸው ዓመት ሞላችሁ።

ዘንድሮ ከዚያው ከረጢት የተረፈውን ዘር ዘራሁ። ወንድምሽ ሳልጠራው አካፋ ይዞ መጣና አብረን ማፋሰሻ ቦይ ቆፈርን። አፈሩን በጣታችን ሳንነካ አላጠጣንም። ትናንት አንዱን ነቀልኩ፤ ክንዴን ያክላል፣ ቀጥ ያለ፣ ጭራው እንኳ ንጹሕ። ቆርሼ ቀመስኩት፤ ጣፈጠኝና አፈርኩ። ያኔ አጠገቤ ይቆፍር ለነበረው ወንድምሽ ሁሉንም ተናዘዝኩለት።

ቀና እንኳ ሳይል፣ «አምና የመጀመሪያውን ስትነቅል አውቄያለሁ» አለኝ። «ዘሩ ቢሆን ኖሮ መች ይበቅል ነበር? ውሃ ነው ያነቀው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ? በእኔ ጥፋት እኮ ነው ስትሰድብህ የከረመችው!»

«ምን ልበላት? አንቺን ለማስተኛት ሲባል ነው ማሳው የጠፋው ልበላት? በዚያ ሕመሟ ላይ?» ጭቃውን ከአካፋው ጠረገ። «ደግሞ ተኝታ የለም እንዴ?»

አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል። አንቺ ግን እንዳትጸጸቺ፤ ተኝቶ የበደለ ሰው አላውቅም። ጥፋቱ ሳንቃውን ያነሳሁት የእኔ፣ ይልቁንም አፌን የዘጋሁት የእኔ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ማፋሰሻው በወዲያኛው ጥግ ቢሄድ ያጥር ነበር። ወንድምሽ ግን የመለኪያ ገመዱን ወስዶ በመስኮትሽ ሥር ዘረጋው፤ የሁለት ቀን ቁፋሮ ጨመረብን። ግትርነቱ ነው ብዬ ተውኩት። ትናንት ነው የገባኝ። ከላይ የሚመጣው ትርፍ ውሃ አሁን ማሳውን ሳይነካ በዚያ ይወርዳል። ይህን የምጽፍልሽ አልጋሽ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው፤ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ድምፁም ያው ነው።

አምላክ ትንፋሽሽን ያስተካክልልኝ፤ እንቅልፍ ያለሽበት ድረስ ይምጣልሽ።

ያንቺው ሳንቃ አንሺ

ሳልረሳው፦ ለወንድምሽ ሁለት መስመር ጻፊለት። ፖስተኛው ባለፈ ቁጥር አካፋውን ተደግፎ ይቆማል፤ ከዚያ ምንም እንዳልጠበቀ ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል።