የማማ ጨርቅና የኔ ፌስታል

ሰኔ 4
ጠፍጣፋ ዳቦ ገዝቼ መጣሁ። ትኩስ ነበር፤ የባሌ የሃይሰም ታክሲ ኮፈን ላይ ዘርግቼ አቀዘቀዝኩት። ሰፈሩ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ትኩሱን ፌስታል ውስጥ የከተተ በማግስቱ ሻጋታ ይበላል... ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደኛ ቤት። አማቴ ማማ ኢንሳፍ ደረጃው ላይ ያዙኝ።
«ምን ይዘሽ ነው ሙሽሪት?»
«ዳቦ። ፍሪዘር ውስጥ ላስቀምጠው።»
«ሬሳ ነው እንዴ በረዶ ላይ የሚያስተኙት?»

ሰኔ 5
ከተጋባን ሦስት ወር። ምድጃዬ አንዴም አልተለኮሰም። ምሳ ታች ማማ ጋ፣ እራት ታች። «ዳቦ እንኳን ማቆየት አትችል፣ ወጥ ቤት ምን ያደርግላታል?» ይላሉ ማማ። ዛሬ ምሳ ላይ አመለጠኝ፦ «እንወራረድ!»
የሳቸው ዳቦ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቅርጫት ውስጥ፣ የኔ ፍሪዘር ውስጥ። ዳኛው ባሌ። ሐሙስ ዕለት ሳይሰነጠቅ እንደ ድመት ጆሮ ታጥፎ የሙሉኪያ ቅጠል ወጥ የሚቀዳ ዳቦ ያሸንፋል። ካሸነፍኩ ላይ ቤታችን አበስላለሁ። ከተሸነፍኩስ?... አልጠየቅሁም። እሳቸው ነገሩኝ።
«ምድጃሽ ለራግዳ የሰርግ ዕቃ ይሆናል።»
ራግዳ የሃይሰም እህት ናት። ወዲያው ምድጃዬን ለማየት ወጣች። የምድጃውን በር ሁሉ ከፍታ ዘጋች!

ሰኔ 7
ፌስታሉን አጥብቄ አስሬዋለሁ? አዎ። ሄጄ አየሁ... ታስሯል። ደግሜ ልየው እንዴ? ዳቦ ነው እኮ።

ሰኔ 8
ከእናቴ ቤት ስመለስ የፍሪጁ ሶኬት ተነቅሏል። ወለሉ ውሃ። ዳቦው ቀልጧል። ትርፍ ቁልፍ ያለው ማማ ጋ ብቻ... ልጩህ? ምን ብዬ? እንደታሰረ ተውኩት። ወለሉን ወለወልኩ።

ሰኔ 9፣ ሐሙስ
ሙሉኪያው ቀረበ። የማማ ዳቦ ሊታጠፍ ሲል... ቀጭ! ሃይሰም ጣሪያ ጣሪያውን አየ። የኔን ፈታሁ። ለካ እንደታሰረ ቀስ ብሎ የቀለጠ ዳቦ ወዙን አይለቅም። እንደ መሐረብ ታጠፈ።
«እንዴት?» አሉ ማማ። «ጠፍቶ አልነበረም እንዴ?»
«ምኑ?» አለ ሃይሰም።
«...መብራቱ።»
«መብራት መቼ ጠፋ እማዬ?»
የዳቦአቸውን ፍርፋሪ መልቀም ጀመሩ። እኔ ሙሉኪያዬን ቀዳሁ።
«አላህ እጅዎን ይባርከው ማማ» አልኳቸው። ዓይን ለዓይን ተያየን። መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው።

ሰኔ 11
ምድጃዬ ተለኮሰ! ማማ ሳያንኳኩ ገብተው መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። ቀመሱ።
«ጨው አንሶታል።»

ሰኔ 15
ዛሬም መጡ። ራግዳም ተከትላቸው። ታች እሳት ከነደደ ሰነበተ። «እኔማ ጡረታ ወጣሁ» ይላሉ፤ እግራቸውን ዘርግተው። ለሁለት ያሰብኩት ድስት ለአራት ሆነ።
«ሙሽሪት፣ ነገ ባሚያ ቢሆን ምን ይመስልሻል?»
ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ... አይደለሁም እንዴ?