ከወንበር በላይ አንጭንም

ቅዳሜ
የሚኒባሳችን ባሌስትራ ተሰበረ። ባሌ ታደለ ከገዘር ወደ ጂንካ ገበያተኛ ጭኖ ሲመጣ ጉድጓድ ገባና ሚኒባሱ በአንድ ጎኑ ዘመም ብሎ ቀረ። ውስጡ ሰው በሰው ላይ፣ ጣሪያው ላይ የድንች ጆንያ። ተሳፋሪው ከፊሉ በእግሩ፣ ከፊሉ በሌላ መኪና ጂንካ ገባ። የከፈሉትን መለስንላቸው።

ባሌን "ስንት ሰው ጭነህ ነበር?" ብለው "እንደ ወትሮው" አለኝ። ወትሮውንማ አውቀዋለሁ። ትራፊኮቹ የሚቆሙበት ጋ ሲደርሱ ትርፉ ሰው ይወርዳል፣ በእግሩ ያልፍና ከወዲያ ማዶ ተመልሶ ይሳፈራል። ሁሉም ለምዶታል፣ ሽማግሌው ሳይቀር ሳይነግሩት ይወርዳል። ታደለም ትራፊክ ካላየው ትርፍ የጫነ አይመስለውም።

እሑድ
መካኒኩ ከቤተክርስቲያን መልስ መጥቶ አየልን። የኋላ ጎማዎቹም ተበልተዋል፣ ፍሬኑም አልቋል። ባሌስትራው ጂንካ የለም፣ ከአርባ ምንጭ ይመጣል። ታደለ "መንገዱ ነው" አለ። መንገዱ የሁሉም መንገድ አይደለም እንዴ? የኛ ብቻ ለምን ይሰበራል?

የኔ ጭንቀት አስተማሪዎቹ ናቸው። ጂንካ እያደሩ ገዘር ያስተምራሉ፣ ጠዋት ማታ የምናመላልሳቸው እኛ ነን። የወር ደንበኞች ናቸው፣ ገበያ ኖረም አልኖረም ቤታችን የሚቆመው በነሱ ነው። እነሱ ከሄዱ አለቀልን።

ሰኞ
በጠዋት መናኸሪያ ሄጄ መኪና እንደሌለ ራሴ ነገርኳቸው። በሌላ መኪና ሄዱ፣ አርፍደው ደረሱ፣ ርዕሰ መምህሩም ተቆጣቸው። ማታ የአስተማሪዎቹ ሁሉ አፍ የሆነችው መምህርት አልማዝ መጣች። "እህቴ፣ በየጊዜው አንድ ነገር ይበላሻል። ሌላ ሚኒባስ ጠይቆናል። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ እንሄዳለን" አለችኝ። በትህትና ነው የነገረችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ
ከታደለ ጋር ተጣላን። "ሰው መንገድ ላይ እጁን ሲያነሳ እያየሁ ጥዬው ልለፍ? ነገ ስንሞት ማን ይቀብረናል?" ይለኛል። እውነቱን ነው። ገዘር ላይ ሁሉም ዘመድ ነው፣ ዘመድ ካልሆነ የዕድር ሰው ነው። "ሚኒባሱ ሲሞትስ ማን ይቀብረዋል?" አልኩት። ሳቁ አመለጠው።

በመጨረሻ ተስማማን። በወንበር ልክ ብቻ። ጣሪያ ላይ ጆንያ የለም። ማንም ቢሆን። ማንም ቢሆን ያልኩት እኔ ነኝ።

ሐሙስ
ባሌስትራው መጣ፣ ገጠሙት። ጎማውም ፍሬኑም ተቀየረ። ለክረምት ያሰብነው የቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ገንዘብ እዚሁ ላይ አለቀ። ምን ይደረግ።

ዓርብ
አስተማሪዎቹ በሰዓቱ ገቡ፣ በሰዓቱ ተመለሱ። አልማዝ ስትወርድ "እንቀጥላለን" አለችኝ። ደስታዬን ሳልጨርስ "ግን ትርፍ ስትጭኑ ካየን የለንም። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስለምንወጣ እናያለን" ብላ ጨመረች። ይሁን። ዛሬ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ቅዳሜ
ታደለ ከገዘር በወንበር ልክ ጭኖ መጣ። ጣሪያው ባዶ። መናኸሪያ ቆሜ ሳየው ኮራሁበት። እሱ ግን ቀና ብሎ አላየኝም። "አክስትሽን ጥያት መጣሁ" አለኝ።

አክስቴ ብርቄ፣ ያሳደገችኝ። ከነጆንያዋ ገብታ የሰው ጭን ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እሱ ነው ያወረዳት። "የማን ልጅ መኪና መሆኑ ጠፋህ?" አለችው አሉ። ሰው ሁሉ እየሰማ።

በጭነት መኪና ከድንቿ ጋር ተጭና ጂንካ የደረሰችው ገበያው ሊበተን ሲል ነው። ሮጬ ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ ሰላም ልላት ስል ሚዛኗን አነሳች። "ስንት ኪሎ ላድርግልሽ፣ እመቤት?" አለችኝ። እኔን። እንደማያውቁት ሰው። ሁለት ኪሎ አልኳት። መዘነችልኝ፣ መልሴን ቆጥራ ሰጠችኝ፣ ቀጥላ ከኋላዬ ወደቆመው ሰው ዞረች።

ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ታደለ አጠገቤ ተቀመጠ። "በሚመጣው ቅዳሜም መንገድ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ምን ላድርግ?" አለኝ። ተነስቼ ሁለቱን ኪሎ ድንች መላጥ ጀመርኩ።